ሦስተኛው ጉድጓድ

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

አዲሱን ሥራ ጀመርን። ነዳጅ ማደያ ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩት ጋኖች አርጅተዋል፤ ያፍስሱ አያፍስሱ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ባለ ማደያው "እኔ ጠብታ አልጎደለብኝም" ብሎ ይምላል። ፊት ለፊቱ ያለው ጎማ ጠጋኝ ደግሞ "ዝናብ ሲጥል ቦዩ ላይ ቀለም ይንሳፈፋል፣ እኔ ዓይን የለኝም እንዴ?" ይላል። የእኛ ሥራ እነሱን ማስታረቅ አይደለም። ሦስት ጠባብ ጉድጓድ መቆፈር፣ ቱቦ መቅበር፣ ውሃውን እየቀዱ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ጉድጓዶቹ ለመጠጥ አይደሉም፤ ከመሬቱ ሥር ምን እንደሚሄድ ለማየት ነው።

ለአለቃዬ ያልነገርኩት ነገር አለ። የማደያው የጀርባ ግንብ የእቴቴ ግቢ ግንብ ነው። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ግን እናቴም እህቴም እሷው ናት። እኛ መሥሪያ ቤት ዘመድ ያለበት ቦታ ላይ ባለሙያ አይመደብም። ብነግረው ሌላ ሰው ይልካል። ሌላ ሰው ከእኔ በላይ ይጠነቀቃል? አይጠነቀቅም። ስለዚህ ዝም አልኩ።

የከተማው ቧንቧ በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው። እቴቴ ቤት የሚጠጣውም የሚታጠበውም ግቢያቸው ውስጥ ካለው ጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ውሃ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጎራ ብዬ አንድ የናሙና ጠርሙስ ሞላሁ። ከአፈር ናሙናዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማንም አይጠይቅም።

እቴቴ መውለጃዋ እየደረሰ ነው፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። "ምንድን ነው የምትቀጂው?" አለችኝ።

"እንዲያው ለልማድ።"

"ለልማድ ብሎ የሰው ውሃ የሚቀዳ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ሳቀች።

ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ቁንጫ ነው የምንላት። አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ አሸተተችኝና "አክስቴ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች!" ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

ሚያዝያ 14

አንደኛው ጉድጓድ አለቀ። መቆፈሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ወታደር ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ትእዛዛቸው ስለማይቻል ግን ሁሉም ሻምበል ይላቸዋል። ማሽኑ ሲጮህ ሰውና ሰው አይደማመጥም፤ የምንግባባው በእጅ ነው። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ የሚወጣውን አፈር አያለሁ። እጄን ካነሳሁ ያቆማሉ፤ ካላነሳሁ ይወርዳሉ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ ጠዋት። "እኔ አፈሩን አላይም፤ አንቺን ነው የማየው። እጅሽ ካልተነሳ እስከ ወዲያኛው ዓለም ነው የምወርደው።"

የምጠብቀው ሸክላ አፈሩን ነው። ከላይ አሸዋ አለ፣ አሸዋው ውስጥ ጥቂት ውሃ። ከዚያ ድፍን ያለ ግራጫ ሸክላ። ከሸክላው ሥር ጠጠርና የሰፈሩ ጉድጓዶች ሁሉ የሚስቡት ጥሩ ውሃ። ቤንዚን ቢፈስ ሸክላው ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ታች አያልፍም። ለላይኛው ውሃ ወለል ነው፣ ለታችኛው ጣሪያ። ሸክላው ብቅ ሲል እጅ ይነሳል፤ ቁፋሮ እዚያ ላይ ያበቃል። ሸክላውን መብሳት ማለት የላይኛውን ወደ ታችኛው ማፍሰስ ነው። ኧረ እሱስ አይምጣ።

ሚያዝያ 16

ሁለተኛው። አፈሩ ወደ ታች ስንሄድ ጠቆረ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ የጋዝ መለኪያው ጩኸቱን ለቀቀው። ጋኑ ያፈስሳል፣ አለቀ፣ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ባለ ማደያው መጣ፣ አፈሩን አየ፣ ተመልሶ ገባ። አሳዘነኝ፤ ከዚያ ደግሞ አናደደኝ።

ሸክላው ግን ድፍን ነው። መዳፌ ላይ እንደ ሊጥ ተድቦለቦለልኝ። ተመስገን። እቴቴ የምትጠጣው ከሸክላው ሥር ነው።

ከሸክላው ሥር ነው።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው። ግንቡ ጥግ።

ስልክ መጣ። ማሽኑ ስለሚጮህ ዞር ብዬ አነሳሁ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ ጠጠር እየወጣ ነው። ጠጠር!

ሸክላውን በሳነው።

ሚያዝያ 22

ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፈው።

ሻምበል እጄን አላዩም፤ አላቆሙም። እንደተባባልነው ነው የሠሩት። "የት ሄደሽ ነው?" አሉኝ። ስልክ አልኳቸው። ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ምነው በሰደቡኝ ኖሮ።

መደረግ ያለበትን አውቃለሁ፣ ሌሎችን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አውርዶ ከሥር ወደ ላይ ሲሚንቶ መሙላት ነው። ሲሚንቶ አልያዝንም። ሰማዩ ያጉረመርማል። አለቃዬ በስልክ "ማሽኑን ነገ ሌላ ቦታ እፈልገዋለሁ፣ ምን ቀረሽ?" ይላል። "ምንም" አልኩት። ምንም! አፌን በቆረጠው።

ያለን ሁለት ከረጢት ቤንቶናይት ነበር፤ ውሃ ሲነካው እያበጠ ቀዳዳ የሚደፍን የሸክላ እንክብል ነው። ከላይ ለቀቅነው። በላዩ ላይ የመከታተያውን ቱቦ አቆምን፣ አፉን ዘጋን፣ እቃ ጫንን። እንክብሉ ታች ድረስ ይውረድ፣ መሀል ላይ አብጦ ይሰንቀር የሚታወቀው ክብደት የታሰረበት ሜትር ወርውረው ሲለኩ ነው። ሜትሩ መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው አጠገባችን ነበር።

ለምን አልለካሁም? ዝናብ ጀምሮ ነበር።

ይደርሳል። ሁለት ከረጢት እኮ ብዙ ነው።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

እቴቴ ቤት ምሳ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጥርሴን አመመኝ ብዬ አስቀመጥኩት። "አጥንት ስትግጪ ያላመመሽ ጥርስ ለሻይ ነው የሚያምሽ?" አለችኝ። ባሏ ሳቀ። ጋሼ ነው የምለው፤ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሰው ሲከፋው የማይወድ።

ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ፣ "ጎማ ጠጋኙ አንድ ነገር ነግሮኛል" አለ። "መሬቱ ቤንዚን ጠጥቷል ይላል። እውነት ነው? አንቺ እኮ ነሽ የምታውቂው።"

"ከላይ ያለው ውሃ እንጂ የእናንተ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ እንጠጣ ወይስ አንጠጣ?"

ሦስቱም አፌን ያያሉ፤ ቁንጫ እንኳ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ ይዛ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። "ውጤት እስኪመጣ ለማንኛውም ከሌላ ቦታ አምጡ" አልኩ። ጋሼ ተነስቶ ጀሪካኖቹን ማጠብ ጀመረ። እንግዲህ ሥራ ሲወጣ ሊሞላ፣ ሲገባ ሊሸከም ነው። ወገቡን እንደሚያመው አውቃለሁ።

እቴቴ እስከ በር ሸኘችኝ። "ሚጣ፣ ከስተሻል" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝም ሚጣ ነኝ ለእሷ። ሥራ ነው አልኳት።

ግንቦት 4

ለአለቃዬ ነገርኩት። ግማሹን።

"ሦስተኛው ላይ ትንሽ ወርደናል፤ በትክክል ልንደፍነው ይገባል" አልኩ።

"ደፍነሻል አይደል?"

"ቤንቶናይት ጥለናል።"

"ታዲያ ተደፍኗል። ማሽኑ ሩቅ ነው ያለው፤ ስመልሰው እናየዋለን።"

እሺ አልኩ። ማስረዳት ስችል፣ ጠረጴዛ መደብደብ ስችል፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። እህቴ እዚያ ናት ብዬ ብነግረው "ለምን አልነገርሽኝም" ይለኛል። አንቺ ፈሪ።

ግንቦት 12

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ጣለ።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ አቧራው ጠፋ። እኔ የማስበው ከላይ ያለው ውሃ በከበደ ቁጥር ቀዳዳ ካገኘ ወደ ታች እንደሚገፋ ነው። ቀዳዳ ካገኘ።

ግንቦት 15

አፍንጫዬ ተበላሽቷል። ልብሴን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አሁንም ይሸተኛል። ትራሴ ይሸተኛል። ዳቦው ይሸተኛል። አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ "ቤንዚን አይሸትሽም?" ብዬ ጠየቅኳት። "ኧረ የለም፣ አንቺ ሥራውን ቤትሽ ይዘሽ ትገቢያለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ውጤት መጣ!

የማደያው ሁለቱም ጉድጓዶች የከፉ ናቸው፣ እንደጠበቅነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። የእቴቴ ጠርሙስ ግን ንጹሕ! ምንም የለበትም! መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩላት። "ንጹሕ ነው፣ ጠጡ፣ ታጠቡ፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ" አልኳት። በስልኩ ውስጥ ጋሼ ጀሪካኑን ወርውሮት ሲንከባለል ሰማሁ። ቁንጫ በሳፋ ውሃ ልትዋኝ ነው አሉ። እቴቴ "ይኼን ሁሉ ቀን ያስፈራራሽን አንቺ ነሽ" ብላ ሰደበችኝ፤ ደስ የሚል ስድብ ነው።

ወደ ቤት ስገባ እየዘፈንኩ ነበር። ዛሬ እተኛለሁ።

ግንቦት 22

ያ ጠርሙስ የተቀዳው ሚያዝያ 9 ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ የተቆፈረው ሚያዝያ 21።

ረቡዕም አውቀው ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ ስደውልም ጠርሙሱን መቼ እንደሞላሁት አውቅ ነበር፤ እኔው ነኝ የሞላሁት። የፈለግኩት ንጹሕ የሚለውን ቃል ነበር፤ ሳገኘው ሌላውን ማየት አልፈለግኩም። ውሃው ሸክላው ሳይበሳ ንጹሕ ነበር ማለት ነው እንጂ አሁን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ይህን አንደኛ ዓመት ተማሪ አይስተውም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ።

ነገ ሁለተኛ ጠርሙስ እሞላለሁ።

ግንቦት 26

ጠርሙስ አልቆብኛል። ከመጋዘን ላስመጣ ጠይቄያለሁ።

ግንቦት 28

ጠርሙሱ መጥቷል። ግን ቁንጫ ጉንፋን ይዟታል አሉ፣ ቤቱ በዚህ ላይ እንግዳ አለበት። እሑድ ይሻላል።

አለቃዬ ደግሞ "የሦስተኛው ነገር" ብዬ ስጀምር እጁን አወናጨፈ። ይህን ጉድጓድ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለማነሳው ሰልችቶታል መሰለኝ ከሜዳ አስወጥቶ ቢሮ አስቀመጠኝ፤ "ትንሽ እረፊ" ብሎ። ከሰኞ ጀምሮ የሰው ዘገባ ነው የማርመው። ማደያው ደጃፍ አልደርስም።

ሰኔ 2

ዛሬ በመንገድ ሻምበልን አገኘኋቸው። ያኛውን ሥራ ጨርሰው ማሽኑን ሊያስጠግኑ መምጣታቸው ነው። ሻይ ጋበዙኝ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ ቆዩና በድንገት፣

"ያቺ ጉድጓድ ተደፈነች?" አሉኝ።

"እንጠብቃለን።"

"ምን?"

ብርጭቋቸውን እያዞሩ፣ "እኔ በዚች ዕድሜዬ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ" አሉ። "የማያስተኛኝ ግን ያቺ ናት። እጅሽን ሳላይ ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ማሽኑ ሲጠገን ጥሪኝ፤ ማንም ባይፈቅድ እሑድ እመጣለሁ።"

ያሰብኩት እኔ ብቻ እንቅልፍ እንዳጣሁ ነበር።

ሰኔ 7

ወንድ ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው።

ጋሼ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እያለቀሰ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያቅፋል። እቴቴ ገርጥታለች፣ ግን ትቀልዳለች፦ "ይኼስ እንደ እህቱ ቁንጫ አይሁን፣ ይተኛ።" ትንሿ እጁ የእኔን ጣት ጨበጠች። ሕፃኑ ምንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ይኑር አልኩ በልቤ፣ ምንም የማያውቅ።

ሰኔ 11

እቴቴን ላግዝ የዓመት ፈቃድ ወስጄ እዚህ ገብቻለሁ። ሕፃኑን ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ። የጉድጓዱ ውሃ ከቧንቧው ይወርዳል፣ ለብ ይላል፣ ሳፋው ይሞላል። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተዋለሁ። ይሸተኛል። ግን ለእኔ ሁሉም ነገር ነው የሚሸተኝ፤ ትራሴም ይሸተኝ ነበር። በዚህ አፍንጫ ማን ይፈርዳል?

ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባዶውን።

ሰኔ 14

"ሕፃኑን በታሸገ ውሃ ብናጥበውስ?" አልኩ ዛሬ፣ እንደ ቀልድ።

እቴቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። "ለምን?"

"እንዲያው... ቆዳው ስስ ነው ብዬ።"

"ንጹሕ ነው ብለሽ የደወልሽልኝ አንቺ አይደለሽ?"

"ነኝ።"

"ታዲያስ። አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?" ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

ከዚህ በኋላ እንዴት ተብሎ አፍ ይከፈታል? ወጥቼ ልብስ አሰጣሁ፤ ያልታጠበ ልብስ ሁሉ አስጥቼ ኖሯል።

ሰኔ 18

በደንብ ሸተተኝ። ወይም መሰለኝ። ሰው መጠየቅ እፈራለሁ። "አዎ" ቢሉኝስ?

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ማደያውን ከረገጥኩ ወር ሊሆነኝ ነው። ልብሴ ታጥቧል፣ ጫማዬ ሌላ ነው፣ ጸጉሬ እዚሁ ቤት ነው የሚታጠበው። ይህን የምጽፈው ማንም "ከአንቺ ላይ ነው" እንዳይለኝ ነው። እኔም ለራሴ እንዳልለው።

ጠዋት ሕፃኑን አጥቤ፣ በፎጣ ጠቅልዬ እቴቴ እቅፍ ላይ አደረግኩት። ቁንጫ አልጋው ላይ ዘላ ወጣች። አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀበረች፤ እኔን እንደምታደርገኝ። ከዚያ ደስ ብሏት እያጨበጨበች፣

"እማ! እማ! ወንድሜ አክስቴን አክስቴን ይሸታል!"

እቴቴ ሳቀች። ወደ እኔ አየች። መሳቋን ያቆመችው ያን ጊዜ ነው።

ምን እንዳየች አላውቅም። እኔ የማውቀው እግሬ ወደ ጓሮ መሮጡን ነው። የፓምፑን ማብሪያ አጠፋሁት፣ ሽቦውን ነቀልኩት፣ ይህም አልበቃኝ ብሎ ፓምፑ የሚሞላውን ታንከር ከፍቼ ውሃውን ግቢው ላይ ለቀቅኩት። ስመለስ እቴቴ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ በሩ ላይ ቆማለች። ባዶ እግሯን ናት፤ ውሃው ወደ እግሯ ይመጣል።

"ተናገሪ" አለች።

ተናገርኩ። ሸክላውን፣ ጠጠሩን፣ ሁለቱን ከረጢት፣ ያልወረወርኩትን ሜትር፣ ጠርሙሱ የተሞላበትን ቀን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ዛሬ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች፣ ዛሬ።

"ሚያዝያ ላይ" አልኩ።

"ሚያዝያ ላይ" አለች። "ሆዴ ውስጥ እያለ። ከዚያ ደግሞ ጠጡ ብለሽ ደወልሽልኝ። ከዚያ ደግሞ በእጅሽ አጠብሽው።"

"እቴቴ..."

"እንዳትጠሪኝ።"

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ምን እያደረግሽ ነው እጅሽን ሳታነሺ የቀረሽው?"

"ስልክ እያነሳሁ።"

"የማን ስልክ?"

"የሥራ" አልኩ።

ይህችን ብቻ ዋሸሁ። የደወለችው እሷ ነበረች። "ስትወጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ" ልትለኝ። እስከ ዕለተ ሞቴ አልነግራትም።

ሰኔ 21

ጋሼ ሁሉንም ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እቃ ሲጭን አገዝኩት። ጀሪካኖቹን ሲያነሳ እጁ ላይ ሚዛናቸውን እየለካ ቆመ፤ ያን ሁሉ ቀን የተሸከማቸውን እያሰበ ይመስለኛል።

ቁንጫ በመኪናው መስኮት "አክስቴ አትመጪም?" አለችኝ።

ጠርሙሱን ሞላሁት። በመጨረሻ።

ሰኔ 23

አለቃዬ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ይህን ጊዜ ጠረጴዛ መታሁ። ሸክላው ስልክ ሳነሳ መበሳቱንም፣ እህቴ ከግንቡ ጀርባ መሆኗንም ነገርኩት።

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ ሌላ ሰው እልክ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው ስልክ አያነሳም ነበር።"

እውነቱን ነው። ግን ደግሞ "ተደፍኗል" ያለው እሱ አይደለም እንዴ? ይህንንም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ከሥራ እንደምሰናበት ነገረኝ፤ ጉድጓዱ ግን በዚህ ሳምንት እንዲደፈን ፈቀደ፣ ለሰፈሩም ጉድጓድ ያለው ሁሉ ፓምፑን እንዲያጠፋ ሊያስነግር ነው። "ሥራውን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው።

ሰኔ 25

የጠርሙሱ ውጤት በአስቸኳይ መጣ። ቤንዚን አለበት። የፈሩት ይደርሳል።

ለጋሼ በስልክ ነገርኩት። "ልጁን ሐኪም አይቶታል" አለኝ በደረቁ። "አሁን ምንም አላገኙበትም። ደሙን እየመረመሩ እስከ ዓመት ይከታተሉታል። እስከ ዓመት፣ ገባሽ?" ዘጋው።

ከዚያ መልሶ ደወለ። "መጮኼ አይደለም" አለ። እንደገና ዘጋው።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ዛሬ ሦስተኛውን ደፈንነው።

ሻምበል ማሽኑን ጠዋት ጉድጓዱ ላይ አቁመው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ "እጅሽን ነው የማየው" አሉኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን። የድሮውን ቱቦ ነቀልን። እንክብሉ መሀል ላይ ተሰንቅሮ ነበር፤ ከሥሩ ባዶ። አልተገረምኩም። እንክብሉን በስተን ከሥሩ ደርሰን፣ ቀጭኑን ቱቦ እስከ ጠጠሩ አውርደን ሲሚንቶውን ከታች ወደ ላይ መልቀቅ ጀመርን። ሲሚንቶው አፉ ድረስ ሞልቶ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ዓይን መንቀል አይቻልም። ያን ጊዜ ነው እጅ የሚነሳው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

አወጣሁት። እቴቴ ናት። ከሄደች ጀምሮ መጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሕፃኑ ነው አልኩ። አንድ ነገር ሆኗል። ሻምበል ከማሽኑ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ እኔ ጉድጓዱን አያለሁ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። ኪሴ ከተትኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ጥርሴን ነከስኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

ሲሚንቶው አፉ ላይ ብቅ አለ፣ መጀመሪያ ከጭቃ ጋር፣ ከዚያ ንጹሑ። እጄን አነሳሁ። ሻምበል አቆሙ።

ጸጥታው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት።

"ምነው ስልክ አታነሺም?" አለችኝ።

"ጉድጓዱን እየደፈንን ነበር።" አልኳት። "ሕፃኑ ምን ሆነ?"

"ተኝቷል።"

ትንፋሿን እሰማለሁ። ከኋላዋ ቁንጫ የሆነ ነገር ስትሰብር፣ የጋሼ እናት ሲጮኹባት ይሰማል።

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

"አሁን ጨረስኩ።"

"እንግዲያው ስትወጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ" አለች። ቆይታ ቆይታ ደግሞ፣ "ውሃም" አለች።